ቀለም የሸፈነው ክንዴ

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ አሳምሬ መጻፍ አላውቅም። የሆነውን ግን እንደሆነ እጽፈዋለሁ።

የሴቶች ጸጉር ቤት ፎጣ አጣቢ ነበርኩ። ከኋላ ያለችውን ጠባብ ክፍል አንድ ንቅሳት የሚነቅስ ሰው ተከራየ። የመጣ ዕለት እርጥብ ፎጣ ታቅፌ ስገባ ተጋጨን፤ ሸሚዙ በውሃ ራሰ።

«ጠዋት ታጥቤያለሁ እኮ» አለኝ።

«በደንብ አልታጠብክ ይሆናል» አልኩት።

ሳቀ። በአርባ ሦስት ዓመቴ የወንድ ሳቅ ሆዴ ገባ።

ንጹሕ ሰው ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መርፌ ከእሽጉ ያወጣል፣ ጓንት ይቀይራል፣ የተረፈ ቀለም ይደፋል። የሠራውን ሁሉ በስልኩ ፎቶ ያነሳል።

ግራ ክንዴ ላይ ምስር የምታህል ጥቁር ምልክት ነበረችኝ። እናቴ «ማርያም ስማሽ ነው» ትለኝ ነበር። እኔ ግን በምልክቷ አፍሬ አጭር እጅጌ ለብሼ አላውቅም።

«እዚህ ላይ ወፍ ንቀስልኝ» አልኩት አንድ ቀን።

«እንዲህ ያለ ምልክት ላይ አልነቅስም። በቀለም ከተሸፈነ፣ ቢለወጥ ሐኪም አያየውም። ራቅ አድርጌ ልሥራልሽ።»

«አስጠላሁህ በላ።»

«ኧረ አንቺ ሴት...»

«የወጣቶቹን ገላ ስትዳብስ ትውላለህ። የኔ ሲሆን ሕግ ታመጣለህ።»

ሦስት ሳምንት ዘጋሁት። የጸጉር ቤቱ ባለቤት «ይቺ ግትር ካኮረፈች ዓመቷ ነው፤ ቶሎ ታረቃት» ብላ ሳቀችበት። ሰኞ ጠዋት መጥቶ ወንበሩን ሳበልኝ።

«ነይ ቁጭ በይ። የጠላሁሽ እንዳይመስልሽ ብዬ ብቻ ነው።»

ምልክቷን የወፏ ዓይን አደረጋት። ሲጨርስ ግንባሬን ሳመኝ። በወሩ ጓዙን ይዞ ቤቴ ገባ።

ሦስት ዓመት ደስ ብሎኝ ኖርኩ። ከሥራ ስንገባ ክንዴን ቅባት ይቀባኛል። ሁለት ጊዜ «ቀለሙ ደብዝዟል» ብሎ የወፏን ዓይን ዙሪያ ደግሞ ነቀሰው። እኔ ሞኟ ፍቅር ነው ብዬ እጄን ዘርግቼ ሰጠሁት።

አንድ ቀን ፎጣ ስጨምቅ የወፏ ዓይን ደማ። አብረን ቆዳ ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሟ በማጉያ መስታወት ብታይ ብታይ «ቀለሙ ከለከለኝ» አለች። ወደ እሱ ዞረች።

«የነቀሱት እርስዎ ነዎት አሉ። ከዚያ ወዲህ አድጓል?»

«እንደነበረ ነው» አለ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ።

ለማንኛውም ከምልክቷ ቆርጣ ለምርመራ ላከች። ካንሰር ነው ተባለ። ብብቴ ስር ያለው እጢ ውስጥም ገብቷል። «የቅርብ ጊዜ አይደለም» አለችኝ።

ቤት ገባሁና ስልኩን ከኪሱ አወጣሁ። ክንዴ ሦስት ፎቶ ላይ አለ። በመጀመሪያው ፎቶ የወፏ ዓይን ምስር ታህላለች። በሁለተኛው ሽምብራ። በሦስተኛው ጠርዟ ተንሻፎ ወደ ምንቃሯ ፈሷል።

«ማደጉን ታውቅ ነበር።»

ስልኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

«ደብዝዟል ያልከኝስ?»

«ያደገውን ልሸፍነው ነው። እኔ ያመጣሁብሽ መሰለኝ። ካወቅሽ ትተዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ስንት ጊዜ ፈራህ?»

«ሁለት ዓመት።»

ምልክቷን ከነዙሪያዋ ከክንዴ ላይ በጥልቀት ቆረጧት፤ እጢውንም አወጡት። አሁን እጄ አብጦ ፎጣ መጭመቅ አይችልም። ሐኪሟ «ሁለት ዓመት ቀድመሽ ብትመጪ ምናልባት ከቆዳሽ ሳያልፍ ይቀር ነበር» አለችኝ። ስላልደበቀችኝ ወደድኳት። ስንት ጊዜ እንደቀረኝም ጠይቄያታለሁ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ንቀስልኝ ብዬ ያስጨነቅኩት እኔ ነኝ። ያ የኔ ግትርነት ነው፣ ማንም ላይ አላላክክም። ሁለቱ ዓመት ግን የሱ ነው።

ሆስፒታል ሳለሁ አንድም ቀን አልቀረም። ሾርባ በማንኪያ አጉርሶኛል። የወጣሁ ቀን ቦርሳዬን ተሸክሞ እስከ ቤቴ በር መጣ።

«ላጥብሽ፣ ላልብስሽ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

«ትወደኛለህ?»

«ከነፍሴ።»

«እሱን አምኜሃለሁ። ቦርሳውን አስቀምጥና ሂድ።»

«በዚህ ሁኔታሽ ማን ያስታምምሻል?»

«አይቶ የሚነግረኝ ሰው።»

ቦርሳውን አስቀመጠ። ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ በደህናው እጄ በሩን ዘጋሁት።