ከእኔ ቀድሞ የቆጠረው ድምፅ

እኔ ሆስፒታል ውስጥ ደም የምቀዳ ሰው ነኝ፣ አትላንታ ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ነው፣ ሰው ዓይኔ እያየ ሲሞት አይቻለሁ፣ ሰው የሞተበት ክፍል ብቻዬን ገብቼ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጥቻለሁ፣ አንድም ቀን ኮሽ ያለብኝ ነገር የለም፤ የሥራ ባልደረቦቼ ስለ መንፈስ ምናምን ማውራት ሲጀምሩ ምሳዬን አንስቼ ሌላ ጠረጴዛ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ይህንንም የምነግርህ እንድታምነኝ ብዬ አይደለም፣ አንዳንድ ቀን እኔም ራሴን አላምነውም፣ ግን ሆኗል፣ እንደሆነው ልንገርህና የፈለግከውን በል።

ተካልኝ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ ተካ ነው የምለው። በዲቪ ባንድ ሰሞን መጥተን ክላርክስተን ውስጥ አንድ አፓርትመንት፣ አንድ መኪና፣ አንድ ካፖርት ሳይቀር እየተፈራረቅን የኖርን ሰዎች ነን፣ በኋላ ሊዲያን አግብቶ ማሪዬታ የሚባል ሰፈር ገባ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። ኤርፖርት አካባቢ ከፓርኪንግ ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል፣ ሳቂታ ነው፣ "ሰ" ላይ ምላሱ ትንሽ ይያዛል፣ ስልክ ሲደውል "ስ...ስማ መስፍን" ይለኛል። ሚስቱ ሊዲያ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ ቸርች ትዘምራለች፣ ቁማር የሚባል ነገር ቤቷ ውስጥ ስሙ እንዲነሳ አትፈልግም፣ እኛ ደግሞ ኦፍ ስንሆን የምንሄደው ካሲኖ ነበር።

ያኔ "ቁማርተኛ" ብትለኝ እጣላህ ነበር፣ ምክንያቱም እኛ ካርታ ቆጣሪዎች ነን። ነገሩ ቀላል ነው፣ ብላክጃክ በሚሉት የካርታ ጨዋታ ትንንሾቹ ካርታዎች ወጥተው ካለቁ የቀረው ጥቅል ለተጫዋቹ ያደላል፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ትንሽ ትንሽ እያስያዝኩ በልቤ እቆጥራለሁ፣ ትንሽ ካርታ ሲወጣ እደምራለሁ፣ ትልቅ ሲወጣ እቀንሳለሁ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጆሮዬን አካለሁ፣ ያኔ ተካ እንደ ሞቅ ያለው ሰው እየተንገዳገደ መጥቶ ትልቁን ያስይዛል። አንተዋወቅም፣ ዓይን ለዓይን አንተያይም፣ ሕጉ ይኸው ነው። የምቆጥረውም በአማርኛ ነው፣ ከንፈሬ ቢንቀሳቀስ እንኳ የሚያነበው የለም።

ጆርጂያ ካሲኖ ስለሌለ ጎረቤት ስቴት መንዳት ነው፣ ከመንዳቱ የሚብሰው ደግሞ ጥሩ ጠረጴዛ ማግኘቱ ነው፤ አንዱ ጋ ካርታው በማሽን ያለማቋረጥ ይበወዛል፣ እዚያ መቁጠር ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው፣ አንዱ ጋ ስትበላ የሚከፍሉህ ተቀናንሶ ነው፣ ሌላው ጋ ካርታ የሚያድለው ዲለር ጥቅሉን ገና ሳያጋምስ መልሶ ይበውዛል። የለመድነው ቦታም በዚያ መከር ማሽን አስገባ፣ ተካ ኢንተርኔት ላይ ሲያስስ ከርሞ አንድ ቀን ደወለልኝ።

"ስ...ስማ መስፍን፣ ሚሲሲፒ አንዲት ትንሽ ካሲኖ አገኘሁ፣ ወንዝ ላይ የቆመች መርከብ ናት። ሁለት ጥቅል ብቻ፣ በእጅ የሚበወዝ፣ እስከ ታች ድረስ ነው አሉ የሚያድሉት።"

"እንደዚህ ዓይነት ጠረጴዛ ዛሬ የለም" አልኩት።

"አለ ስልህ! ቅዳሜ ሺፍትህን ቀይር።"

ቅዳሜ ሳይነጋ ልወስደው ስሄድ ሊዲያ በር ላይ ቆማለች፣ እርጉዝ ነበረች፣ ሆዷ ገና መግፋቱ ነው፣ ተካ መኪና ውስጥ ሲገባ ጠብቃ "የት እንደምትሄዱ አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም" አለችኝ፣ "አልከራከርህም፣ ጌታ ይጠብቃችሁ፣ ብቻ ይዘኸው ተመለስ።" እሺ አልኳት።

አላባማን በዝናብ አቋርጠን ቀትር ካለፈ በኋላ ደረስን። መርከቧ አሮጌ ናት፣ ወንዙ ጭቃ መስሏል፣ ፓርኪንግ ሎቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ቀድሜ ገባሁ፣ ተካ ትንሽ ቆይቶ ገባና ራቅ ብሎ ስሎት ማሽኖቹ ጋ ቆመ። ጠረጴዛዋ ጥግ ላይ ነበረች፣ የጨዋታዋ ሕግ ልክ ተካ እንዳለው፣ እንዲያውም ከዚያ የተሻለ፣ ተጫዋች የላትም፤ ዲለሯ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ አሮጊት ናት፣ ቀና አላለችም፣ ሰላምም አላለችኝ፣ ካርታውን ስትበውዝ ግን የወረቀቱ ድምፅ አልተሰማኝም፣ ምንጣፉ ድምፅ ይውጣል ብዬ አለፍኩት።

መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እየሄድኩ ሳለ አንድ ነገር ታወቀኝ፣ የምቆጥረው እኔ ብቻ አይደለሁም። ከኋላዬ ሰው በቀስታ፣ እንደሚያንጎራጉር፣ አብሮኝ ይቆጥራል፣ በአማርኛ። መጀመሪያ ሳላስበው ጮክ ብዬ የቆጠርኩ መስሎኝ ከንፈሬን በእጄ ነካሁት፣ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ዞር ስል አንድ ጥቁር ሰውዬ ከሩቅ ምንጣፍ ይጠርጋል እንጂ ሌላ ሰው የለም።

መልሼ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ፣ እመነኝ ወዳጄ፣ ድምፁ አብሮኝ አልነበረም፣ ይቀድመኝ ነበር። "አራት" ይላል፣ ከዚያ ካርታው ይገለበጣል፣ ትንሽ ካርታ ነው፣ ቁጥሩ አራት ይሆናል። "አምስት" ይላል፣ ከዚያ ይገለበጣል። ሰው የወጣውን ካርታ ይቆጥራል፣ ያልወጣውን ማን ይቆጥራል? እጄ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ፣ እንግዲህ ሬሳ አጠገብ ያልቆመው ፀጉር ነው። ከዚያ ድምፁ "ስ...ስድስት" አለ።

ቀና ብዬ ተካን አየሁት፣ ያን ያህል ርቀት ላይ፣ ፊቱን ወደ ማሽኑ አዙሮ ማስቲካ ያኝካል። ድምፁ ደግሞ ጆሮዬ ሥር "ስ...ሰባት" አለኝ፣ ካርታው ተገለበጠ፣ ልክ ነው። ቁጥሩ እንዲህ ከፍ ብሎ አይቼ አላውቅም፣ በሕጉ ቢሆን ጆሮዬን ማከክ ነበረብኝ፣ ግን በልጄ እምልልህ ነበር ልጅ ቢኖረኝ፣ ሁለቱንም እጆቼን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አላነቃነቅኳቸውም፣ ዛሬ ተካን አልጠራውም አልኩ በልቤ።

ተካ ግን መጣ። እየተንገዳገደ አይደለም፣ ቀጥ ብሎ መጣና አጠገቤ ተቀምጦ ያለውን ሁሉ አስያዘ፣ በላ፣ ደግሞ አስያዘ፣ ደግሞ በላ። ድምፁ ጠፍቶ ነበር፣ ገላገለኝ ስል እንደገና ጀመረ፣ አሁን ግን ካርታውን ትቶ ወደ ታች ነው የሚቆጥረው፣ ስ...ስድስት፣ አምስት፣ አራት፣ ረጋ ብሎ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ ሌላውን እንደሚጠብቅ።

"ተካ፣ ተነስ እንሂድ!" አልኩ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ሕጋችንን ሁሉ ጥዬ።

ዲለሯ ያን ጊዜ ቀና አለች። እኔን አላየችኝም፣ እሱን ነው ያየችው፣ "ይህን ሰው ታውቀዋለህ?" አለችው በእንግሊዝኛ። ተካ ወደ እኔ ዞሮ ረጅም ጊዜ አየኝና "አላውቀውም" አላት። እንደዚያ እንዲል ነው የተስማማነው፣ ልክ ነው፣ ግን ዓይኑን አየሁት፣ የእውነቱን ነበር። ድምፁ "ሁለት" ሲል ብብቱን ይዤ ጎተትኩት፣ ወንበሩ ወደቀ፣ ጥበቃዎቹ መጡና ሁለታችንንም አስወጡን።

መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ከነዳሁ በኋላ "ምን ነክቶህ ነው የጎተትከኝ?" አለኝ፣ ተካ ራሱ ሆኖ ነበር።

"አንተ ለምን መጣህ? ጆሮዬን አልነካሁም እኮ።"

"ጆሮህን መች አየሁ። ጠራኸኝ እንጂ።"

"ጠራሁህ?"

"'ተካ፣ ና' አልከኝ፣ በግልጽ። ይሄ ስ...ሰውዬ አብዷል እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።"

እኔም የሰማሁትን ነገርኩት፣ ድምፁ የሱ እንደነበር ጭምር። ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወ፣ ቤቱ አድርሼው ሊዲያ በሩን ስትከፍት ማልቀስ ቃጣኝ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሥራ ላይ ሳለሁ ሊዲያ ደወለች። "ካንተ ጋር ነው?" አለችኝ። አልነበረም። ብቻውን ሄዷል። በማግስቱ እኔና እሷ ያንን መንገድ ነዳነው፣ መኪናው ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ተቆልፎ ቆሟል፣ ጃኬቱ ኋላ ወንበር ላይ ነው። ፖሊሱ ትንሽ ቢሮ አስገብቶ ካሜራው የቀረፀውን አሳየን፣ ድምፅ የለውም። ተካ ጥግ ያለችው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ዲለሩ ወጣት ልጅ ነው፣ ፀጉረ ነጭ ሴት እዚህ ሠርታ አታውቅም አሉኝ። ተካ በድንገት ቀና ይላል፣ ወደ ጎን ይዞራል፣ ፈገግ ይልና አንድ ነገር ተናግሮ በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙትን ቺፕ እንኳ ሳይሰበስብ ይነሳል፣ ወደ ወንዙ በኩል ባለው በር ይወጣል። ከዚያ በኋላ የለም። ወንዙን ፈለጉት፣ ምንም አልተገኘም፣ እስካሁንም አልተገኘም።

ሊዲያ ቪዲዮውን እዚያች ቦታ ላይ ደጋግማ አስመለሰቻቸውና ከንፈሩን እያየች "'መጣሁ' ነው ያለው" አለች። "'መጣሁ፣ መስፍን' ነው ያለው።" ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

በዚያች ሰዓት እኔ አትላንታ የአንዲት ሴትዮ ክንድ ላይ መርፌ ይዤ ነበር፣ ሊዲያም ይህን ታውቃለች፣ ሆስፒታሉ ጋ ደውላ አረጋግጣለች፣ ክፉ ቃልም አልተናገረችኝም። ልጇ ስትወለድ ልጠይቃት ሄድኩ፣ ሕፃኗን አሳየችኝና ስሟን ነገረችኝ፣ ስሟን ደግሜ ላወጣ አፌን ስከፍት እጄን ያዘችኝ። "ይቅር በለኝ መስፍን፣ ባንተ አፍ አትጥራት" አለችኝ። አልተቀየምኩም። እስከ ዛሬ ስሟን በአፌ አላወጣሁትም፣ ስጦታ ስወስድላት እንኳ ካርዱ ላይ አልጽፍም።

ልጅቷ አሁን ትሮጣለች፣ ትናገራለች። በቀደም እሑድ ከሰዓት ማሪዬታ ሄጄ ሳሎን ተቀምጬ ነበር፣ ሊዲያ ኪችን ውስጥ ዕቃ ታጥባለች፣ ቲቪው ተዘግቷል፣ አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር። ልጅቷ ከመኝታ ክፍል እየሮጠች መጥታ ጉልበቴ ላይ ሁለት እጇን ጣለችና ቀና ብላ "አቤት!" አለችኝ።

ኪችን ውስጥ ውኃው ተዘጋ።