ከበሩ ወዲያ ያለችው ጅብ

ፍካት እንደ ልማዷ ሻሿን ጠምጥማ ለንባብ ተጋደመች። ማርስ ላይ በተቆረቆረችው በቀይ ሜዳ ከተማ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሻሽ የሚሉት ራስ ላይ የሚጠመጠም ስስ ጨርቅ ነው፤ እጅና እግርን አስተኝቶ መጽሐፉን በህልም ያሳያል። ጅብ ከተባለ፣ ጅቡ አጠገብህ ቆሞ ይተነፍሳል።

እናቷ ትርሲት የመጻሕፍት መርማሪ ናት፤ ሻሽ ላይ የሚጫን መጽሐፍ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። ያን ሰሞን የመጣላት ለወጣቶች እንደ አዲስ የተጻፈ የጥንት ተረት ነበር፤ እናት ፍየል ስትወጣ ጠብቆ፣ ጅብ ድምፁን አቅጥኖ «እናታችሁ ነኝ፣ ክፈቱልኝ» እያለ ግልገሎቹን የበላበት። አዲሱ ደራሲ ገለበጠው። በእሱ መጽሐፍ ቤት የተቆለፈባት አንዲት ጎረምሳ ግልገል ናት፤ በእናቷ ድምፅ «አትክፈቺ፣ አትውጪ» የምትላት ራሷ ጅቧ ናት፤ ነፃነት ያለው ከበሩ ውጪ ነው። ትርሲት ምርመራዋን ሳትጨርስ ፍካት «እማዬ፣ እኔ ልሞክረው» ብላ ነዘነዘቻት። እሺ አለቻት። ምን ታድርግ፣ ያቺ ልጅ አንዴ ከያዘች አትለቅም።

መጽሐፉ ግን አንድ ነገር ጎድሎት ነበር። ሻሹን የሠሩት ሰዎች ተረት እየሰሙ ያደጉ ናቸውና፣ አንባቢው ከህልሙ የሚመለሰው ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲል እንዲሆን አድርገው ሠሩት። ያለዚህ ቃል የሚያልቅ ተረት ይኖራል ብሎ ማን ያስባል! አዲሱ ደራሲ የሕፃን ነገር መስሎት ቆርጦ ጣለው፤ እንዲህ ሲሆን መጽሐፉ ሲያልቅ እጅና እግር ይነቃል፣ አንባቢው ግን ከህልሙ አይወጣም።

ትርሲት ወደ መኝታ ክፍሉ ስትገባ አልጋው ባዶ ነው።

«ፍካት?»

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የመሸጋገሪያው ቀይ መብራት በርቷል። መሸጋገሪያ ወደ ውጪ የሚወጣበት ባለ ሁለት በር ጠባብ ክፍል ነው። ውጪ የሚተነፈስ አየር የለም፤ ያለ መከላከያ ልብስ የወጣ ሰው ወዲያው ያልቅለታል። ትርሲት ሮጣ በመስታወቱ ብታይ፣ ልጇ በባዶ እግሯ፣ ሻሿን እንደጠመጠመች፣ የውስጡን በር ከኋላዋ ቆልፋ የውጪውን እጀታ ይዛለች።

«ወይኔ ልጄን! ፍካት! አትክፈቺ! እናትሽ ነኝ!» ብላ በሩ ላይ ባለው የድምፅ ማጉያ ጮኸች።

ልጅቷ ዞረች። ዓይኗ ተከፍቷል፤ እናቷን ግን አያያትም።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትይው» አለች ቀስ ብላ። «ደግሞ ድምፅሽን አቅጥነሽ መጣሽ? ሂጂ ከዚህ፣ አንቺ ጅብ!»

ትርሲት ክው አለች። ለካ ከአፏ የወጣው ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ ያለው የጅቧ ቃል ነው! ብትለምናት ጅብ ናት፣ ብትቆጣት ጅብ ናት፣ ብታለቅስም ያው ጅብ ናት።

የጥገና ሠራተኛው ሞቲ መብራቱን አይቶ እያለከለከ ደረሰ።

«የውስጡን በር ክፈተው! በእናትህ!»

«ከውስጥ ተቆልፏል፣ እትዬ ትርሲት። የውጪውም ሰው ታፍኖ እንዳይቀር ተብሎ በእጅ እንዲከፈት ነው የተሠራው፤ ከዚህ ሆኜ አላስቆመውም።»

«ሻሹንስ አታጠፋውም?»

«ሳትመለስ ካጠፋሁት ሐሳቧ እዚያው ይቀራል። መዝጊያውን ቃል መስማት አለባት።»

ትርሲት አፏን ማጉያው ላይ ደቅና «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ!» አለች። ምንም የለም። እጀታው ትንሽ ዞረ። አየሩ ስስስ እያለ መውጣት ጀመረ፤ የፍካት ፀጉር ወደ በሩ ስንጥቅ ተሳበ።

«ሻሹ ቃሉን ከተራኪው ብቻ ነው የሚቀበለው» አለ ሞቲ፣ ላብ በላብ ሆኖ። «ለሻሹ ተራኪ ማለት ‹ተረት ተረት› ብሎ የተመለሰለት ነው። እሷ ካልመለሰችልዎ ለእሱ እርስዎ ማንም አይደሉም።»

«ተረት ተረት!» ብላ ጮኸች ትርሲት። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጠቻት።

በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ ልጇ ዓይኗ እያየ፣ በአንድ መስታወት ወዲያ ልትሞት ነው። ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ጩኸቱን ተወችው። ፍካት ትንሽ ሳለች እንቅልፍ እንቢ ስትላት ታደርግ እንደነበረው፣ ለስለስ አድርጋ፣ ጎተት አድርጋ በማጉያው ጠራቻት።

«ተረት... ተረት...»

እጀታው ቆመ። የልጅቷ ከንፈር ሳታስበው ተንቀሳቀሰ።

«የላም በረት።»

«እሺ፣ እኔ ጅቧ ነኝ» አለች ትርሲት። «ጅቧ በሩ ላይ የቆመችው ልትበላ አልነበረም። ፈሪ ስለሆነች ነው። ልጅቷ ስትሮጥ ትፈራለች፣ ስትስቅ ትፈራለች፣ ስታድግ ደግሞ ይብስባታል። ስለዚህ በሩን ሁሉ ቆለፈችባት። አንድ ቀን ግን ‹ነይ፣ ልብስሽን ልበሺና አብረን እንውጣ› አለቻት። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።»

ፍካት ዓይኗን አርገበገበች። የያዘችውን እጀታ አየች። ጩኸቷን አቅልጣ እጀታውን ወደ ቦታው መለሰችና የውስጡን በር ከፍታ እናቷ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም ወለሉ ላይ ተዘርግተው አለቀሱ።

«እማዬ» አለች ፍካት ቆይታ፣ «ድምፅሽ መሆኑን እኮ ህልሙም ውስጥ አውቄው ነበር። ለዚያ ነው ያላመንኩሽ።»

ትርሲት ፀጉሯን ደባበሰቻት።

ሞቲ እጀታውን እየፈተሸ ግራ እንደገባው ነው። «ግን እንዴት መለሰችልዎ? ሻሹ እኮ ራሱ ጠርቶ ራሱ ነው የሚመልሰው።»

«ሻሽ ሳይመጣ በፊት በአፌ ነበር የማወራላት።»

«ከእሷ በኋላ የተወለዱትስ?»

ትርሲት ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ተነሥታ፣ ፍካትን በእጇ እንደያዘች፣ ወደ ሕፃናቱ አዳራሽ ሄደች። ልጆቹ ለንባብ ሊጋደሙ ሻሻቸውን እየጠመጠሙ ነበር።

«ተረት ተረት!» አለቻቸው።

ዝም ብለው አዩዋት። ከፊት የነበረች አንዲት ትንሽ ልጅ ያዘነችላት ይመስል ጠጋ አለች።

«እትዬ፣ መልሱን የሚለው እኮ ሻሹ ነው።»

ትርሲትን እዚያ መስታወት ፊት የያዛት ፍርሃት ተመልሶ መጣባት፤ ከእነዚህ አንዱ ህልም ውስጥ ቢቀር ጠርቶ የሚመልሰው የለም። ወለሉ ላይ መሃላቸው ተቀመጠች፤ ፍካትም አጠገቧ።

«ተረት ተረት» አለች እንደገና።