በላሜራ የተለበጠው ሣጥን

ኢንስፔክተር እስከዳር ረቡዕ ጠዋት ተጠርታ ስትደርስ አቶ ገብረ ሚካኤል ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አልጋቸው ላይ ነበሩ። ፊታቸው የተኛ ሰው ፊት ነው። ከአልጋው ግርጌ አመድ የሞላ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል፤ መስኮቱ ተዘግቷል።

«ከሰል ነው የበላቸው» አለ እንዳለው የሚባለው አብሯት የመጣ ፖሊስ። «ትናንት ማታ አቀጣጥለው ተኝተው ይሆናል። ሬሳው ገና ምንም አልሆነም።»

እስከዳር ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ቤቱ ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ ዳር ለብቻው የቆመ ነው። ውስጡ አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ። እሷም ወደዚህ ከተማ ተዛውራ ከመጣች ወዲህ በተከራየችው ክፍል ያላት ይኸው ነውና ዓይኗን ቶሎ አነሣች። ግድግዳው ላይ የክት ነጠላቸው ታጥቦ፣ እጥፋቱ ሳይፈታ ተንጠልጥሏል። ከበሩ በላይ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለ። ወንበሩ ላይ ወጥታ ስታየው የማዳበሪያ ከረጢት ክር ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፤ የተሰካውም በውጭ በኩል ነው።

ወይዘሮ አልጣሽ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሟቹ ጎረቤት ናቸው፤ ሬሳውን ያገኙትም እሳቸው።

«እትዬ አልጣሽ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ነው ልጄ። ሴት ልጄ ወልዳ እሷን ልጠይቅ ዳባት ወረድሁ። ዛሬ ተመልሼ ባንኳኳ ዝም አሉኝ። በሩን ገፋ ባደርገው ተከፈተ።»

«ቤት ውስጥ ከሰል ያነዱ ነበር?»

«እሳቸው?» አሉ አልጣሽ ቀና ብለው። «የፓርክ ጥበቃ ሳሉ ባልንጀራቸው በከሰል ጭስ አጠገባቸው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ከሰል ቤታቸው አይገባም። ሲበርዳቸው ጋቢ ይደርባሉ እንጂ። ምድጃም የላቸው።»

ምድጃው የየሺዋስ ነበር። የሺዋስ ለቱሪስት በቅሎ የሚያከራይ፣ በጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየ ጎልማሳ ነው።

«የኔ ነው» አለ ሳይሸሽግ። «ዓርብ ደጃፌ ላይ ትቼው ነው እንግዳ ይዤ ፓርኩ ውስጥ ጊች የወጣሁት። የገባሁት ትናንት ማታ ነው። በራቸው ዝግ ነበር፤ ተኝተዋል ብዬ አለፍሁ።»

«ለዘመድ ተነገረ?»

«ያላቸው ዘመድ የወንድማቸው ልጅ ያርጋል ብቻ ነው። መተማ ሰሊጥ ይነግዳል፤ ስደውልለት ጎንደር ነኝ አለኝ። ‹ጋሼ አርፈዋል፣ ና› አልሁት። ከዚያ በላይ አልነገርሁትም፤ ስልኩን ዘጋሁ። የሬሳ ሣጥኑንም እሱ በስልክ አዝዟል አሉ።»

እስከዳር ወደ አናጢው ወደ ድረስ የእንጨት ሥራ ቤት ሄደች። ድረስ ከጥድ የተሠራ ሣጥን ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። የሣጥኑ ውስጥ ያብረቀርቃል።

«ለአንድ ሬሳ ሦስት ሰው አነጋገረኝ» አለ ላቡን እየጠረገ። «የሺዋስ ‹ከሟች ሚስታቸው ጎን ጊች ነው የሚቀበሩት፤ ዳገቱን በትከሻ ነውና በኮምፔርሳቶ አቅልለው› አለኝ። እትዬ አልጣሽ መጡና እንጨቱን ሲዳስሱ ቆይተው ምንም ሳይሉ ወጡ። ያርጋል ግን ሱቄን ገና ሳልከፍት ነው የደወለው። የሞቱንም ወሬ ከሱ ነው የሰማሁት። ‹ጥድ ይሁን፤ ውስጡን በላሜራ ለብጠህ ጠርዙን በይደው› አለኝ።»

«ላሜራ ለምን?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹ሳይሸት አይቀርም፤ ሰው ፊት እንዳንዋረድ› አለኝ። ባለቤቱ እሱ ነው፤ ሠራሁለት።»

ከሰዓት በኋላ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደወለላት።

«የሞቱት በጭሱ ነው» አላት። «ግን ትናንት አይደለም። ቀናት አልፈዋቸዋል፤ ቅዳሜ ሌሊት ወይም እሑድ ይመስለኛል። ብርዱ ነው ያቆያቸው። ቆላ ቢሆን ኖሮ ቤቱ አያስገባሽም ነበር።»

እስከዳር ስልኩን ዘጋች። አንድ ሰው ሞቶ እስከ ረቡዕ የፈለገው አልነበረም። መንገዱ ላይ መኪናው ሲያልፍ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል፣ እሳቸው እዚያው ተኝተው ነበር።

ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ሄደች።

«አባ፣ እሑድ ቅዳሴ መጥተው ነበር?»

«አልመጡም ልጄ። ቀኑን ሊያስቆርጡኝ ተቃጥረን ነበር፤ ከእመት አልጣሽ ጋር በቁርባን ሊጋቡ። ቢቀሩብኝ ሐሳባቸውን ለውጠዋል አልሁ።»

«ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?»

«ምስጢር ነበር፤ በስተርጅና ሰው እንዳይስቅባቸው። ‹ላንድ ዘመዴ ግን ሳልነግር አልፈጽምም› ብለውኛል።»

በማግስቱ ሁሉንም በድረስ ሥራ ቤት ሰበሰበቻቸው። ያርጋል ጥቁር ለብሶ፣ ሣጥኑ ራስጌ ቆሟል።

«አቶ ገብረ ሚካኤል ከሰል ይፈሩ ነበር» ብላ ጀመረች። «ምድጃው ከየሺዋስ ደጃፍ ተወስዶ ተኝተው ሳሉ የገባ ነው። የአየር ማስገቢያውም በውጭ በኩል በከረጢት ተደፍኖ፣ በኋላ ከረጢቱ ተነሥቷል። እንግዲህ ሰው ገድሏቸዋል። የሞቱት ደግሞ ለእሑድ ቅዳሴ ያሳጠቡትን ነጠላ ሳይለብሱ ነው። እትዬ አልጣሽ፣ ሲያገኟቸው መቼ የሞቱ መሰለዎት?»

«ሌሊቱን ነዋ። ምን ሆነዋል፤ ገና የሚነቁ ይመስሉ ነበር እኮ።»

«የሺዋስም እንዲሁ። ፖሊሱም እንዲሁ። ሐኪሙ እስኪነግረን ድረስ ሁላችንም ማክሰኞ ሌሊት ያረፉ መስሎናል። ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ ሬሳው መሽተት እንዳለበት ያውቅ ነበር።»

ድረስ እጁን ከሣጥኑ ላይ አነሣ።

«ያርጋል፣ የሺዋስ ሲደውልልህ ምን አለህ?»

«አረፉ አለኝ።»

«መቼ አለህ?»

«...አላለኝም።»

«ታዲያ ሱቅ ሳይከፈት ላሜራ ያሳዘዘህ ማነው?»

«የቆላ ልማዴ ነው» አለ ያርጋል። ድምፁ ሳሳ። «እኛ ዘንድ...»

«እናንተ ዘንድ የሰነበተ ሬሳ ይሸታል። የመተማን ሙቀት ይዘህ ነው ያሰብኸው፤ የደባርቅን ብርድ ረሳኸው። እዚህ ትናንት ለሞተ፣ ያውም ጊች ዳገት በትከሻ ለሚወጣ ሰው ብረት የሚያሸክም የለም። ቅዳሜ ማታ እዚህ ነበርህ። ጋብቻውን ነግረውህ ነበር።»

ያርጋል ሣጥኑን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ያደግሁበት ቤት ነው» አለ። «‹አንተ ትወርሰዋለህ› እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ቅዳሜ ሌላ ሰው ሊያስገቡበት እንደሆነ እየሳቁ ነገሩኝ። ሲስቁ ካየኋቸው ዘመን የለውም።»

«ቤቱን መች ፈለግሁት?» አሉ አልጣሽ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሲመሽ የሚያናግረኝ ሰው ነበር የፈለግሁት።»

ፖሊሱ ያርጋልን ይዞ ወጣ። ውጭ ጉሙ ከሰሜን ተራሮች ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር።

ድረስ ሣጥኑን አየት አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኸንንስ ማን ይቀብርበታል? ሌላ እሠራለሁ። ግን ከእንግዲህ በማን ትእዛዝ ልሥራው? ሌላ ዘመድ የላቸውም።»

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ አልጣሽን ተመለከቱ፤ ሴትዮዋ ግን ሚስትም እኅትም አልነበሩምና ከበሩ አጠገብ እንደ መንገደኛ ቆመዋል።

«እትዬ አልጣሽ ይምረጡ» አለች እስከዳር።

አልጣሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ እስካሁን እንደ ሐዘንተኛ አልለበሱም ነበር። ግድግዳውን ተደግፈው ወደቆሙት ጣውላዎች ሄደው ባሕር ዛፉን አለፉት፤ ዋንዛው ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ቆዩ። ከዚያም ቀጭኑን ኮምፔርሳቶ አንሥተው ክብደቱን መዘኑት።

«ይህን አድርግልኝ» አሉ። «ተሸካሚው ጥቂት ነው። ዳገቱን እኔም አብሬያቸው እወጣለሁ።»