በእጅ ያልተሰጠ ቁልፍ

ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኒ፣ ቡዳ፣ ዛር ሲባል እየሳቅሁ ነው የኖርኩት፣ አጋሮ ሳስተምር ጎረቤቶቼ "በመቃብሩ በኩል አትምጣ" ሲሉኝ "የሞተ ሰው ምን ጉልበት አለው? ጉልበት ከእህል ነው የሚመጣው" እያልኩ አናድዳቸው ነበር። አሁን የማጫውታችሁን ከሌላ ሰው ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ቀድሜ የምስቅበት እኔው ነበርኩ። ግን በእነዚህ በሁለት እጆቼ ላይ የደረሰ ነገር ነው፣ ምን ላድርግ?

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ያ ሰው እንደወጣ የሚቀርበት ክፉ ወቅት ካለፈ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። አጋሮ ውስጥ አባ ሙኒራ የሚባሉ ቡና ነጋዴ ነበሩ፣ በአገሩ ልማድ ሰው በበኩር ልጁ ይጠራልና የመጀመሪያ ልጃቸው ሙኒራ ስለሆነች ነው አባ ሙኒራ የተባሉት፣ እኔ ግን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፣ ወደ አጋሮ ተዛውሬ ስመጣ እሳቸው ከተወሰዱ ቆይተዋል። ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ እንደነገሩኝ፣ አንድ ንጋት ላይ ነገሩ ሸቷቸው ወደ ጅማ ሊወጡ መኪናቸውን ሊያስነሱ ይታገላሉ፣ ብርድ ነው፣ መኪናዋ አልነሳ አለች፣ ማኖቬላውን፣ ያን ከፊት ተሰክቶ በእጅ የሚዞረውን ብረት ማለቴ ነው፣ እያዞሩ ሳሉ የሱብሂ አዛን ተሰማ፣ ወዲያው ሰዎቹ ግቢው ገቡ። ከዚያ ወዲያ አሉም ሞቱም የሚል አልተገኘም። እትዬ ዘይነባ ለቅሶ አልተቀመጡም፣ "ሬሳውን ሳላይ፣ የሚነግረኝ ሳይኖር፣ እንዴት አድርጌ በቁሙ እቀብረዋለሁ?" ብለው ሰባት ዓመት ጠበቁ።

ያችን መኪና የገዛሁት እኔ ነኝ። ግቢያቸው ውስጥ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆማ ኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ፈልፍላባታለች፣ ልጆቹ ደግሞ መማር አለባቸው፣ እትዬ ዘይነባም ዝገት ከሚበላት ብለው ሊሸጧት ቆረጡ። ቀበሌ ሄደን ተፈራረምን፣ ሁሉ ነገር በወጉ ሆነ፣ ቁልፉን ስጠይቃቸው ግን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱት።

"እኔ አልሰጥህም መምህር" አሉኝ። "እሱ እንደሰካው እዚያው አለልህ። የእሱ ነው፣ ማሎ፣ እባክህ፣ እኔን አታስነካኝ።"

እኔም ሳቅ ብዬ ገባሁና የተሰካውን ቁልፍ ራሴ ነቀልኩት። ይኸው ጥፋቴ ይህ ነው፣ ሌላ ጥፋት የለብኝም።

ጎማና ባትሪ ተቀይሮላት፣ ሞተሯ ተጠርጎ፣ መኪናዋ ቆንጆ ሆነች፣ ፀሐይ ካሞቃት በኋላ አንዴ ስነካት ትነሳለች፣ ዳገቱንም ትወጣዋለች፣ ንጋት ላይ ግን ድርቅ! ታጓራለች፣ ታስላለች፣ ትንፋሿ ይጠፋል። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሠፈር፣ ጋሽ ሰይፉ የሚባሉ ቁጡ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ፣ እሳቸው ዘንድ ወሰድኳት። ካንዴላዎቹን ቀየሩ፣ ካርቡራቶሩን አወረዱና አጠቡ፣ እርጥበት የገባበት ሽቦ ካለ ብለው አንድ በአንድ አደረቁ፣ በመጨረሻ የነዳጅ ጋኑን ከፍተው አሸተቱና ጮኹብኝ።

"ላምባ ቀላቅለሃል!"

"ኧረ ጋሽ ሰይፉ፣ እናቴ ትሙት!"

"እናትህን ተዋት፣ ምን አደረገችህ?"

ቀላቅዬም ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ ቤንዚን በኩፖን ነው፣ ከወር ወር አይደርስም፣ ያገሩ ባለመኪና ሁሉ ላምባ ጣል ያደርግበታል፣ ላምባ የገባበት ቤንዚን ደግሞ በብርድ ቶሎ አይነድም። ጋኑን ደፍተን ንጹሕ ቤንዚን ሞላንና አጋሮ ተመለስኩ፣ በማግስቱ ንጋት ያው ናት።

እልህ ያዘኝ። ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ተውሼ መስተዋቷ ላይ አንጠለጠልኩና በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ፣ ሚስቴ "ያመመው ሰው ይመስል ትኩሳቷን ይለካል" እያለች ትስቅብኛለች። አንድ ቀን ታዲያ ማታ ላይ በረዶ ዘነበና ብርዱ ከንጋቱም ባሰ፣ ሮጬ ወጥቼ አስነሳኋት፣ አንዴ ስነካት ተነሳች። እመኑኝ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሞተሯን አጥፍቼ ደብተሬን ገለጥኩ። ነገሩ ብርዱ አይደለም ማለት ነው፣ ሰዓቱ ነው፣ ከሱብሂ አዛን እስከ ፀሐይ መውጫ። ይህንን ደብተሬ ላይ ጻፍኩትና ደብተሩን ዘጋሁት፣ ከዚያ ወዲያ አልመዘገብኩም።

ለጋሽ ሰይፉ ስነግራቸው እንደሚስቁብኝ ነበር የጠበቅሁት። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩኝ።

"አባቴ በቅሎ ነጋዴ ነበር" አሉኝ። "በቅሎ የሸጠ ሰው ልጓሙን ከእርጥብ ሣር ጋር ይዞ በእጁ ያስረክባል፣ ገዢው በሁለት እጁ ይቀበላል። እንዲያ ካልሆነ በቅሎዋ በሦስተኛው ቀን የድሮ ጌታዋ ደጅ ቆማ ትገኛለች። የዚህችን ቁልፍ ማን አስረከበህ?"

"ማንም። እኔው ነቀልኩት።"

"እንግዲያ እኔን አታድክመኝ፣ የጎደላት ካንዴላ አይደለም።"

እዚያው ፊታቸው ሳቅሁ፣ መንገድ ላይ ግን ሳቁ ተወኝ። ከዚያ በኋላ ትንንሽ ነገር ማየት ጀመርኩ፣ ወይም ድሮም ነበረ አሁን ማየት ጀመርኩ፣ አላውቅም። ከወንበር ሥር ያስቀመጥኩት ማኖቬላ ጠዋት ከፊት ተሰክቶ አገኘዋለሁ። ጤዛ የለበሰው ኮፈን ላይ ሁለት የመዳፍ ምልክት አያለሁ፣ ከእኔ መዳፍ የሰፉ ናቸው፣ ለክቻቸዋለሁ። የሠፈር ልጅ ነው እላለሁ፣ ዘበኛው ነው እላለሁ፣ እንቅልፌ ግን ከአሥር ሰዓት አላልፍ አለ፣ ነቅቼ አዛኑን እጠብቃለሁ።

መስከረም ላይ፣ በአብዮት በዓል ሰሞን፣ ጅማ እስረኛ ሊፈታ ነው የሚል ወሬ መጣ። እትዬ ዘይነባ ቤቴ ድረስ መጡ፣ እንደዚያ ቀን ፊታቸው በርቶ አይቻቸው አላውቅም።

"ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ስም ይጠራል አሉ መምህር። ዋስ ሆኖ የሚፈርም ዘመድ ካልተገኘ ደግሞ መልሰው ያስገባሉ አሉ። አውቶቡሱ አይደርስልኝም። ወላሂ፣ ስሙ ተጠርቶ አቤት የሚልለት ቢያጣስ?"

ምን ልበላቸው? መኪናዬ ንጋት ላይ አትነሳም ልበል? ያቺው መኪና ባላቸውን አስይዛቸዋለች። "አደርስዎታለሁ" አልኩ። እኔ ብልህ ብዬ ቁልቁለት ላይ ላሳድራት፣ እየገፋሁ ላስነሳት አስቤ ነበር፣ እሳቸው ግን "ማሎ፣ እኔ ግቢ ትደር፣ ከቤቷ ትውጣ" ብለው ለመኑኝ፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ማታውኑ ነድቼ ያቺው የቆርቆሮ ዳስ ሥር አቆምኳት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እዚያ ነበርኩ። ጭጋጉ ግቢውን ሞልቶታል፣ ከጎረቤት የተሰጣው የቡና ገለባ ይሸታል፣ እትዬ ዘይነባ ውስጥ የሌሊት ሶላት ይሰግዳሉ። ቁልፉን ሰክቼ አዞርኩ፣ አጓራች፣ አሳለች፣ ዝም አለች። ቁልፉን እንደተሰካ ትቼ ወርጄ ማኖቬላውን አዞርኩ፣ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣ ክንዴ እስኪዝል፣ ላቤ በብርዱ ላይ ወረደ። አዛኑ ተሰማ። በቃ አለቀልን አልኩ፣ አሁን እስከ ፀሐይ መውጫ አትነሳም፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ እኛ ገና አጋሮ ነን፣ ጅማ ላይ ስም ይጠራል፣ አቤት የሚል የለም። ተመልሼ ስገባ ቁልፉ የለም።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ከተሰካበት የለም። ኪሴን ፈተሽኩ፣ ወለሉን በእጅ ባትሪ አየሁ፣ ወንበሩ ሥር ገባሁ፣ የለም። ያኔ ንዴት ይሁን ፍርሃት አላውቅም አንድ ነገር ገፋፋኝ፣ በሩን ከፍቼ እግሬን ወደ ውጭ አውጥቼ ተቀመጥኩና ለጭጋጉ ተናገርኩ።

"አባ ሙኒራ! መኪናዋ የእርስዎ ናት፣ ሳያስረክቡኝ ነው የወሰድኳት፣ ይቅር ይበሉኝ። ከፈለጉ ይውሰዷት። ካልፈለጉ ደግሞ ይስጡኝና ሚስትዎን ላድርስ፣ እርስዎን ፍለጋ ነው የሚሄዱት!"

ሁለት እጄንም ዘረጋሁ። የፊዚክስ አስተማሪ፣ ባዶ ግቢ ውስጥ፣ እንደሚለምን ሰው። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ብዬ አፍሬ ልሰበስባቸው ስል መዳፌ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ዐረፈ። ሲወድቅ አልነበረም፣ ሲቀመጥ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ የሚያስቀምጠው ሰው ጣት መዳፌን ነክቷል። ባትሪዬን ሳበራ ቁልፉ ነበር፣ ከአንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር ጋር።

እንዴት እንደሰካሁት አላስታውስም። ከፊት፣ ከኮፈኑ ማዶ፣ ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ፣ መኪና በእጅ የሚያስነሱ ሰዎች እንደሚቆጥሩት በኦሮምኛ "ቶኮ፣ ለማ" ሲል ሰማሁ፣ ሦስተኛው ላይ ማኖቬላው ዞረ፣ መኪናዋ ተነሳች። ከዚያ ኮፈኗ ሁለት ጊዜ በመዳፍ ተመታ። መብራቱን አበራሁት። ከፊቴ ጭጋግ ብቻ ነበር።

እትዬ ዘይነባ የባላቸውን ወፍራም ካፖርት ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ሲፈቱ እንዳይበርዳቸው ብለው ማታ ከሣጥን ያወጡት ነው።

"ማኖቬላውን ማን አዞረልህ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

መሪው ላይ የተቀመጥኩትን እኔን አዩ፣ ከፊት ተሰክቶ የቀረውን ማኖቬላ አዩ፣ በቀኝ እጄ የያዝኩትን ሣር አዩ። "ቢስሚላህ" ብለው ከኋላ ገቡ፣ የፊቱን ወንበር ባዶ ተዉት። እስከ ጅማ ድረስ እኔ በቀኜ በኩል ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም።

በሰዓቱ ደረስን። በሩ ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል፣ አንድ ሰውዬ ወረቀት ይዞ ስም ይጠራል፣ የተጠራው ይወጣል፣ እልልታ ይሰማል፣ ለቅሶ ይሰማል። ሰውዬው ሁለተኛውን ወረቀት ገና እንደገለጠ አንድ የከሳ ሰው በሸሚዝ ብቻ እየተንቀጠቀጠ ወጣ፣ የሚቀበለው አልመጣለትም መሰለኝ ወዲያ ወዲህ ያያል። እትዬ ዘይነባ ሄዱና ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣሉለት፣ የካፖርቱንም ቁልፎች እንደ ልጅ ቆለፉለት።

"እትዬ ዘይነባ፣ ገና አልጨረሰም'ኮ!" አልኳቸው፣ ክንዳቸውን ይዤ።

"ለእኔ ጨርሷል መምህር" አሉኝ። "አንተም ታውቃለህ።"

እንደፈሩት አልሆነም፣ የአባ ሙኒራ ስም ጭራሽ አልተጠራም። በዚያው ቀን ማታ እትዬ ዘይነባ ለቅሶ ተቀመጡ። የቀበሌ ሰዎች መጥተው "መሞቱን ማን ነገረሽ?" ብለው ሲያፋጥጧቸው "ንብረቱን አስረከበ" ብቻ አሉ፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ መሬት መሬት አየሁ።

መኪናዋ ከዚያ ወዲያ በየትኛውም ብርድ፣ በየትኛውም ሰዓት፣ አንዴ ስነካት ትነሳለች፣ ጋሽ ሰይፉም አንድም ቀን አልጠየቁኝም። የማያስተኛኝ ሌላ ነው። ያየሁት እውነት ከሆነ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ጎደሎ ነው፣ እሺ፣ ይሁን፣ ይህን እችለዋለሁ። ድካምና ፍርሃት የፈጠረብኝ ከሆነስ? ያን ሣር እኔው በጭንቀቴ ነጭቼው ቢሆንስ? እንዲያ ከሆነ በሕይወት ያለ ሰው በእኔ ምክንያት ተለቅሶለታል፣ ሚስቱም በእኔ ምክንያት መጠበቅ ትታለች። ደርግ ወድቆ እስር ቤቶቹ ሲከፈቱ እትዬ ዘይነባ ከቤታቸው አልወጡም፣ እኔ ግን በዚያችው መኪና ከበር በር እየዞርኩ የአባ ሙኒራን ስም ጠራሁ። አቤት ያለኝ የለም፣ ሞተዋል ያለኝም የለም።

አሁን መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። ልጄ እንሽጣት እያለ ይነዘንዘኛል፣ ገዢ እያመጣ ያሳየኛል፣ እኔ ምክንያት እየፈጠርኩ እመልሳለሁ። ቁልፉን እንደድሮው እላይዋ ላይ ሰክቼ ትቼዋለሁ፣ ምናልባት አንድ ቀን አባ ሙኒራ መጥተው ይጠይቁኝ ይሆናል ብዬ፣ በየንጋቱም አዛኑ ሲሰማ ነጠላዬን ደርቤ ወጥቼ ቁልፉ መኖሩን አያለሁ።