ከወለሉ ሥር የተጠራው ጥልቀት

እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ዓይኔ ላይ አጉሊ መነጽር ሰክቼ የሰው ሰዓት ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ነኝ፣ እንደኔ ዓይነቱ ደግሞ ዝም ብሎ ወሬ አያምንም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ የሚያንቀሳቅሰው ሞላ አለ፣ ሞላው ካልታየኝም ገና በደንብ አልፈታሁትም ማለት ነው፣ በቃ። ሰዎች ሱቄ ተቀምጠው ስለ መንፈስና ስለ ጥላ ሲያወሩ እኔ አንገቴን ደፍቼ ሥራዬን ነበር የምሠራው፣ አንዳንዴም ሳቄ ያመልጠኛል። አሁን የምነግራችሁን ግን በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቼዋለሁ፣ ብቻዬንም አልነበርኩም፣ እመኑኝ፣ ሞላውን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው፣ እዚሁ ሶዶ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ ልብስ ሲሰፋ ነው የተወለድኩት፣ ስለዚህ ወላይትኛውን ከአማርኛው እኩል ነው የምናገረው። ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። አንድ ቀን ጋሼ ላሊሶ የሚባሉ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው በጋቢ የተጠቀለለ ሳጥን እንደ ሕፃን አቅፈው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ከፈቱልኝ። ውስጡ ትልቅ የናስ ሰዓት በሁለት ቀለበቶች ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሳጥኑን ወደዚህ ብታዘነብሉት ወደዚያ ብታዘነብሉት ፊቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው።

«የመርከብ ሰዓት ነው» አሉኝ። «ባሕር መሃል ሆነህ የት እንዳለህ የምታውቀው በእሱ ነው። ቆሟል።»

«አድሰዋለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

«አይ ክፍሌ፣ እንዳታድሰው። እንዳይሞት ብቻ አድርገው።»

ጋሼ ላሊሶ በወጣትነታቸው ምፅዋ ወርደው በጭነት መርከብ ላይ ተቀጥረው፣ ከወለል ጠራጊነት ተነስተው መሪ ያዥ እስከ መሆን የደረሱ ሰው ናቸው። ጨውና ፀሐይ ዓይናቸውን ሲያደክምባቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሌላው ሰው ከባሕር ዳርቻ ሲመለስ ጨርቅና ሬዲዮ ይዞ ይመጣል፣ እሳቸው ግን ይዘው የመጡት አሮጌ የመርከብ መሣሪያ ነው። ኮምፓስ፣ ፀሐይን ከአድማስ ጋር አገናኝቶ የሚለካ ሴክስታንት፣ ማዕበል ሊመጣ ሲል የሚናገር የአየር ክብደት መለኪያ፣ ከረጅም ገመድ ጋር የታሰረ የእርሳስ ብረት። ያረጁ መርከቦች ሲፈርሱ ናሱ ለማቅለጫ ሲወሰድ እያዩ አላስችል ብሏቸው ከቁርጥራጭ ክምር ውስጥ እየለቀሙ ያጠራቀሙት ነው። «ስንቱን ሰው ቤቱ ያስገባ ዕቃ ነው፣ ቀልጦ ትሪ ይሁን?» ይሉኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ተዋወቅንና በየእሑዱ ከጸሎት በኋላ ቤታቸው መሄድ ለመድኩ። ቤታቸው ከከተማው በላይ ዳሞታ ተራራ ጥግ ነው፣ ከደጃፋቸው ሲታይ የሁምቦ ቆላ በጭጋግ ውስጥ እየራቀ ይሄዳል። እዚያ ነው እንግዲህ ከሥራዬ ጋር የማይመሳሰል ሥራ የተማርኩት። እኔ የለመድኩት አሮጌውን አዲስ ማስመሰል ነው፣ እሳቸው የሚፈልጉት ግን አሮጌው አሮጌ ሆኖ እንዲቆይ ነው። የናሱን አረንጓዴ ዝገት በሎሚና በአመድ ልፈግፍገው ብል እጄን ያዙኝ፦ «ተው፣ ቁጥሮቹ ይጠፋሉ!» በለስላሳ ጨርቅ፣ በጠብታ የሰዓት ዘይት፣ ቀስ ብሎ ነው። ሳጥኖቹን ከምስጥ እናርቃለን፣ የሴክስታንቱን መስታወት ከሻጋታ እንጠብቃለን፣ የሶዶን ክረምት ታውቁታላችሁ።

ኮምፓሱ ደግሞ ሆዱ ፈሳሽ ነው፣ ፈሳሹ ሲጎድል አረፋ ይሠራና መርፌውን ያሳስተዋል። ጋሼ ላሊሶ የክሊኒክ አልኮል ባጡ ጊዜ አረቄ አጣርተው ነበር የሚሞሉት። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ የጸሎት ቤት ሰው ናቸውና ሽታው ያስጨንቃቸው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌዎቹ ቢመጡ ምን እላቸዋለሁ?»

«ኮምፓሱ ነው የሚጠጣው በያቸው።»

ልጅ የላቸውም። ልጃቸው ማለት የጋሼ ላሊሶ ታናሽ ወንድም ኤልያስ ነው፣ ወላጆቻቸው ሲሞቱ እነሱ ናቸው ያሳደጉት። ኤልያስም ባሕር ካልሄድኩ ብሎ አስቸገረና ያኔ በምፅዋና በአሰብ መካከል በምትመላለስ ትንሽ የጭነት ጀልባ ላይ ይሠራ ነበር። ሥራው ጥልቀት መለካት ነው፤ ያንን የእርሳስ ብረት ወደ ውኃ ይጥላል፣ ገመዱ ላይ የታሰሩትን የቆዳና የጨርቅ ምልክቶች በጣቱ እየዳሰሰ ምን ያህል እንደወረደ ጮክ ብሎ ይጠራል፣ መሪ ያዡ እሱን ሰምቶ ነው ከአለት የሚያመልጠው። ጋሼ ላሊሶ ይህን ያስተማሩት እዚሁ ጎረቤት ጉድጓድ አፍ ላይ አቁመው ነበር፣ የገዛ ገመዳቸውን እያስጣሉ፣ በወላይትኛ እያስቆጠሩ። ኤልያስ ቁጥሩን ሲጠራ መጨረሻውን ይስበዋል፣ እንደ መዝሙር። መንደሩ ሁሉ ያንን ድምፅ ያውቀዋል።

እንግዲህ ያ እሑድ። ክረምት ነው፣ ከብት የሚገባበት ሰዓት ነው፣ ከዳሞታ የወረደ ጉም ቤቱን ውጦታል፣ ከበሩ ቆመህ የግቢውን እንሰት አታየውም። እትዬ ማርታ ጓዳ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው ማባያ ዳጣውን እያሰናዱ ነው፣ ላሚቱ በቤቱ ማዶ በኩል ታስራለች፣ ፋኖሱ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። እኔና ጋሼ ላሊሶ ኮምፓሱን ሞልተን ክዳኑን ገጥመናል። ሥራው አልቋል፣ እጄን እየጠረግሁ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት እንደ ሰዓቱ በቀለበት የተንጠለጠለው የኮምፓሱ ሳህን ሲያዘነብል ነው። ቀስ ብሎ ወደ አንድ ወገን ጋደል አለ፣ ቆየ፣ ተመለሰ፣ ወደ ሌላው ጋደል አለ። ክርኔ ጠረጴዛውን የነካው መሰለኝና ራቅ አልኩ። አልቆመም። ቀና ስል የሰዓቱም ሳህን እንደዚያው ነው፣ ሁለቱም እኩል፣ እንደሚተነፍስ ሰው። የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ብዬ ፋኖሱን አየሁት፤ ፋኖሱ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል፣ አይነቃነቅም። ላሚቱ ግን አራት እግሯን ፈርከክ አድርጋ ቆማለች። ከዚያ ወለሉ ከእግሬ ሥር ከፍ ዝቅ ያለ መሰለኝ፣ እኔ ባሕር የሚባል ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ ወንበሩን ይዤ ቀረሁ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው?»

እሳቸው የአየር ክብደት መለኪያውን ነበር የሚያዩት፣ መርፌው ወርዶ ወርዶ ከታች ተኝቷል።

ያኔ ቷ! የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከባድ ነገር ውኃ ውስጥ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ። ቀጥሎም ሰው ጠራ።

«ታሙ...» አስር ማለት ነው፣ መጨረሻውን ስቦ።

እትዬ ማርታ ማማሰያውን እንደያዙ ከጓዳ ብቅ አሉ፣ ፊታቸው በደስታ በርቷል። «ኤልያስ መጣ እንዴ? በሩን ክፈቱለት እንጂ!»

ሮጬ በሩን ከፈትኩት። ጉም ብቻ ነው፣ ጭር ያለ። እና፣ ይህን ስላችሁ እንዳትስቁብኝ፣ በሩን ስከፍት ድምፁ አልጨመረም፤ ድምፁ ከውጭ አልነበረም። እንደገና ቷ! አለ። «ላፑኑ...» ሰባት። ከእግራችን ሥር ነበር የሚመጣው፣ ከወለሉ ሥር።

እትዬ ማርታ ይህን ሲያውቁ ማማሰያው ከእጃቸው ወደቀ። «ጌታ ሆይ» ብለው ተንበረከኩ።

«ኦይዱ...» አራት፣ ጥልቀቱ እያነሰ ነው።

ጋሼ ላሊሶ የኮምፓሱን ሳጥን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጎንበስ አሉበት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁም፣ ፍርሃት አይደለም፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ነው። ድምፁ መጨረሻው ላይ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ኤልያስን የሚያውቅ ሰው መፍራቱን ይለየዋል። «ሄዙ...» ሲል፣ ሦስት ማለት ነው፣ ጋሼ ላሊሶ ቤቱን በሚሰነጥቅ ድምፅ በወላይትኛ ጮኹ፦

«ወደ ግራ! ሙሉውን ወደ ግራ!»

ሳጥኑን አላነቃነቁትም፣ እምላለሁ፣ እጃቸውን እያየሁ ነበር። መርፌው ግን ዞረ፣ ሰሜንን ትቶ ዞረ። ከዚያ ከቤቱ በታች አንድ ትልቅ ነገር ድንጋይ ላይ ሲጎተት ሰማን፣ ረጅም ነበር፣ ከምድጃው በኩል ጀምሮ እስከ በሩ። ከዚያም ዝም አለ። ሳህኖቹ ቀጥ አሉ። መርፌው ተመለሰ።

እትዬ ማርታ ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጋሼ ላሊሶ ገመድ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ቀርበው ነኩት፣ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉና ጋሼ ላሊሶን አዩአቸው። «ጨው» አሉ። እኔም ቀመስኩ። ጨው ነው።

ያን ምሽት ማንም ቦዬውን አልነካውም። በማግስቱ ጋሼ ላሊሶ ወደ ምፅዋ ቴሌግራም ላኩ፣ መልስ የለም፣ ደግመው ላኩ፣ የለም። እትዬ ማርታ በጾምና በጸሎት ከሱ፣ እኔም ሱቄ ቁጭ ብዬ የሰው ሰዓት እፈታና መግጠሚያው ይጠፋብኛል። ወንድሙን ባሕር የላከው ላሊሶ ነው የሚል ሐሜት እንኳ ሰፈሩ ውስጥ ተጀምሮ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ኤልያስ በጭነት መኪና መጣ። በእግሩ ወረደ፣ በሕይወት አለ። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፣ ግን እሱ ነው። እትዬ ማርታ እልልታቸውን አቅልጠው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ፣ ጎረቤቱ ሞላ። ሰው ሁሉ ሄዶ አራታችን ስንቀር ነው ጋሼ ላሊሶ የጠየቁት።

«ጀልባዋስ?»

ኤልያስ መሬት መሬት አየ። «እኔ አልነበርኩባትም። ወባ ይዞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፣ ራሴን አላውቅም። ያለ እኔ ወጣች። አልተመለሰችም ኢሻው፣ ስባሪዋም አልተገኘም።» ኢሻው ማለት ወንድሜ ማለት ነው።

«መቼ?» አሉ እትዬ ማርታ። ነገራቸው። ያ እሑድ ነው።

«አስታማሚዋ በኋላ ነገረችኝ፣ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ስቆጥር ነበር አሉ» ብሎ ቀጠለ። «እኔ የማስታውሰው ገመዱ እጄ ላይ እንደነበረና እጄ እንደቀዘቀዘ ብቻ ነው። እና አንተን። ስትጮህ ሰማሁህ፣ እዚሁ አጠገቤ እንዳለህ። እኔም ያልከውን ለመሪ ያዡ ደግሜ ጮኽኩለት።»

ጋሼ ላሊሶ ሲናገሩ ድምፃቸው አይሰማም ነበር። «ምን አልኩህ?»

«ወደ ቀኝ አልከኝ። ሙሉውን ወደ ቀኝ።»

እትዬ ማርታ እኔን አዩኝ፣ እኔም እሳቸውን። ሁለታችንም የሰማነው ግራ ነበር። ጋሼ ላሊሶ ተነስተው ወደ ግቢ ወጡና እንሰቱ መሃል ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ፣ ኤልያስ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ያየናል።

መሣሪያዎቹን ከጋሼ ላሊሶ ጋር እስከ መጨረሻው አብረን ጠበቅናቸው፣ አንዱንም አልጣሉም፣ ስለዚያ ምሽትም አላወሩም። ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ግን አንድ ከሰዓት እጄን ያዙና «ክፍሌ፣ አንተ ጆሮህ ደህና ነው፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ያን ዕለት ምን ነበር ያልኩት?» አሉኝ።

«ግራ ነው ያሉት ጋሼ» አልኳቸው፣ ሳልጠራጠር።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልባቸው እንዳረፈ ወይም እንዳላመኑኝ አላወቅሁም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ፣ ይህን ታሪክ ለሰው ባወራሁ ቁጥር፣ «ግራ» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ምላሴ ትንሽ ይቆማል።