ተራራውን በቀዝቃዛ ማሞቂያ

ሽማግሌውን ከሆስፒታል ሲያወጧቸው ቆላው ይፋጅ ነበር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤታቸው ቢሆኑ ይሻላል» ብሏል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። እሳቸው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓይናቸው ሳይከደን ባለቤታቸውን ማየት። ባለቤታቸው ደግሞ ያሉት ከተራራው ማዶ ነው። ዕድሜውን በዚያ ቆላ ዕቃ ሲያመላልስ የኖረው ልጃቸው መሪውን ጨበጠ። እህቱ ከኋላ ተቀምጣ የአባቷን ራስ ጭኗ ላይ አሳረፈች።

ዳገቱን ጨርሰው አናቱ ላይ ብቅ ሲሉ በረዶው ወረደባቸው። አይ በረዶ! ሰማይና ምድሩ ተደበላለቀ። ጎማው ተንሸራቶ ወደ ገደሉ ሲጎትታቸው ሹፌሩ መሪውን ታግሎ መለሰው። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ቢከፍተው የሚነፍሰው አጥንት የሚሰብር ቀዝቃዛ አየር ሆነ።

«ወንድሜ፣ ከንፈራቸው ጠቆረ!»

«ኮቴን ደርቢላቸው!»

«ደርቤያለሁ! የኔንም ያንተንም!»

መኪናዋን አቁሞ ዘሎ ወረደ፤ ኮፈኑን ከፈተ። ውሃ ጎድሎ ይሆናል ብሎ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ፈታው። ውሃው ሙሉ ነው፤ ግን እንፋሎት እንኳ የለውም። ወደ ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች ዳበሰ። አንዱ ሞቆ ሌላው ቢቀዘቅዝ ተደፍኗል ይባላል፤ ሁለቱም እኩል ለብ ብለዋል። ታዲያ ማሞቂያው ምን በደለ? የቀዘቀዘው ሞተሩ ራሱ ነው።

ያን ጊዜ ነገሩ ፊቱ ላይ ድቅን አለ። ቴርሞስታቱ! ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የምትዘጋውን ያችን ትንሽ ዕቃ ነቅሎ ጥሏታል። ቆላ ውስጥ ሞተር እንዳይፈላ ብሎ የማይነቅላት ሹፌር የለም። በዚያ ሐሩር ማን ስለ ብርድ ያስባል?

«ወይኔ! በገዛ እጄ!»

ከሆስፒታል ይዘውት የወጡትን የአባቱን ልብስ ከካርቶን ዘርግፎ ካርቶኑን ቀደደው፤ ብርዱ ሞተሩን እንዳይመታው በራዲያተሩ ፊት ሊጋርደው ተንበረከከ። ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውታል። ካርቶኑን የሚያስርበትን ሽቦ ሲጠመዝዝ ከኋላው ማጉረምረም ሰማ። ዞር ቢል ተኩላዎች ናቸው፤ አንዱማ ጫማው ሥር ደርሷል።

«ጡሩንባውን!» ብሎ አምባረቀ። እህቱ ከኋላ ተንጠራርታ ጡሩንባውን ተጫነችው። እሱም መፍቻውን አንስቶ ፊተኛውን አፍንጫው ላይ አቀመሰው። አውሬው እያላዘነ ሸሸ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሹፌሩ ሽቦውን አጥብቆ ወደ መሪው ሮጠ።

ጥቂት እንደነዱ የሙቀት መለኪያው ቀስ እያለ ከፍ አለ። ከዚያ ሞቅ ያለ አየር ፊታቸውን ዳበሰው። እህቱ ሳቋና ልቅሶዋ ተቀላቀለባት።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን ሆና ነበር?»

«ቴርሞስታቱን ነቅዬው ነው፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሞኝ! እኔስ ስነዳ መቼ ሳልነቅላት ቀርቼ አውቃለሁ?» ፈገግ አሉ። «በል ንዳ። እናትህ ትጠብቃለች።»

እሱም ነዳ። ናዳ የቆረጠውን መንገድ በጠርዙ አለፈ፤ የሞላውን ጅረት ሰንጥቆ ወጣ። የመንደሩ ጣራዎች ብቅ ሲሉ «አባባ፣ ደረስን እኮ!» አለ። በመስታወቱ አየ፤ እህቱ አፏን በእጇ አፍና ትንሰቀሰቃለች። በሌላ እጇ የአባቷን ዓይን ከድናለች። እንዲያም ሆኖ ማሞቂያውን ማጥፋት አልሆነለትም።

እናቱ ደጅ ቆመው ነበር። መኪናዋ ሳትቆም በሩን ከፍተው የባላቸውን እጅ ያዙ።

«ይሞቃል! ተመስገን፣ ይሞቃል እኮ! እኔ ደግሞ በዚህ ብርድ ምን ሆኖብኝ ይሆን እያልኩ ስባባ። አንቺ ምን ያስለቅስሻል? ዝም በይ፣ እንዳትቀሰቅሺው!»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ እናቱን በሁለት እጁ አቀፋቸው፤ የሚነግራቸው እሱ ነውና።