የጉንዳኖቹ ተራ

«ሚጣ፣ እነዚያ ጉንዳኖችሽ እንቅልፍ ወሰዳቸው እንዴ?» አለች አክስቷ፣ የሚቀበላት ያጣችለትን ሸሚዝ እያሳየቻት።

ሚጣን ጆሮዋ ሳይቀር አቃጠላት። ሐሳቡ የእሷ ነበር። ጉንዳኖች እህል እየተቀባበሉ ጎጇቸው የሚያደርሱበትን ዘዴ ከባዮሎጂ መምህሯ ሰምታ፣ «በእማዬ ስፌት ቤት እንሞክረው» ብላ ያሳመነቻቸው እሷ ናት። ሦስቱም ሰፊዎች፣ እናቷ፣ አክስቷና አንድ ወጣት፣ ሸሚዝ ከእጅጌ እስከ ቁልፍ መሥራት ይችላሉ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ያለው እጁ ባዶ ሲሆን፣ ከእሱ በፊት ካለው ሰው ሸሚዙን ከደረሰበት ይቀበላል፤ ያም ከሌላው። የመጀመሪያው አዲስ ይጀምራል፤ ማንም ከፊቱ ያለውን አይቀድምም። ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርሙን ዛሬ ማታ ካልተረከበ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጥ ቁርጡን ተናግሯል።

አሁን ግን ሁለቱ የያዙትን የሚቀበላቸው አጥተው ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።

ምክንያቱን ሚጣ ታውቀዋለች። ጉንዳኖቹ ዘንድ ዘገምተኛው ይጀምራል፣ ፈጣኑ ይጨርሳል። እዚህ መጨረሻው ላይ፣ ደንበኛ በሚገባበት በር አጠገብ የተቀመጠችው እናቷ ናት። እናቷ ደግሞ እያንዳንዱን ሸሚዝ ወደ ብርሃን ታነሳለች፣ ትገለብጣለች፣ ክሩን ትለቅማለች፣ እንደ ሕፃን መታ መታ አድርጋ ታስቀምጣለች። ሚጣ ይህን አመሏን ስትወድላት ለጉድ ነው።

«ማነው እንዲህ የሚያዘገየን?» አለች እናቷ።

መብረቅ የሚሉት ወጣቱ ሰፊ ድንገት መቀሱን መመርመር ጀመረ። አክስቷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «የስፌት መኪናው ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ውሸቱ ሚጣ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል። እውነቱን ተናግሮ እመሸበት ማደር ብላ ውሸቱን መልሳ ዋጠችው።

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ። መጀመሪያ ላይ መቀመጥ ያለብሽ አንቺ ነሽ።»

«እኔ? ሁለቱንም መርፌ ያስያዝኳቸው እኔ?»

«አውቃለሁ» አለች ሚጣ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?»

«መሄዱንስ ይሄዳል፣ እትዬ» አለ መብረቅ ቀስ ብሎ፤ «ግን ለማታ አይደርስም።»

እናቷ ልትቆጣ ብላ ሳቋ አመለጣት። የተቀመጠችበትን ትራስ አንስታ ሥራው ወደሚጀመርበት፣ ጨርቁ ወደተከመረበት ጥግ ሄደች፤ በሩ አጠገብ ያለውን ቦታዋን መብረቅ ያዘ።

ብዙም ሳይቆይ አክስቷ የያዘችውን ለመብረቅ አስረክባ መጥታ እጇን ዘረጋች።

«ገና አልጨረስኩትም!» እናቷ ሸሚዙን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

አክስቷ እጇን አላጠፈችም።

«ኮሌታው ጋ ክር አለ» አለች እናቷ በመጨረሻ፣ ሸሚዙን እያቀበለች። «አደራሽን።»

ከዚያ አዲስ ጨርቅ ሳበች።